ለመኝታ መኪና የሚሆን የውኃ ማጣሪያ የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ጤና ይስጥልኝ። ሚኒባሴን አልጋና የጋዝ ምድጃ አስገጥሜለታለሁ፤ ጣሪያው ላይ 100 ሊትር የሚይዝ ጥቁር ሮቶ አስሬበታለሁ። የልጆቼ የመንፈቅ ዓመት ፈተና ሲያልቅ ከባለቤቴ ጋር አራት ሆነን በኤረርና በሚኤሶ አድርገን አዋሽ ፓርክ፣ ከዚያም ገዋኔ ድረስ መሄድ አስበናል። ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አገኘሁ፦ በሲሪንጅ የሚታጠብ የ0.1 ማይክሮን ማጣሪያ (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፣ ቻርጅ የሚደረግ የአልትራቫዮሌት መብራት፣ በ12 ቮልት ሞተር የሚሠራ ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃውን በግፊት ሜምብሬን በሚባል በጣም ረቂቅ ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ)። ሻጩ የሚያሞግሰው የመጨረሻውን ነው። የልጆቼ ሆድ ቶሎ ስለሚታወክ መገመት አልፈልግም። የምታውቁ ምከሩኝ።

መልስ፦ መካኒክ፣ ከዚራ

ወንድሜ፣ ማጣሪያ ከመግዛትህ በፊት ሮቶውን ከጣሪያ አውርደው። 100 ሊትር ውኃ ማለት አናት ላይ የተጫነ 100 ኪሎ ነው፤ መታጠፊያ ላይ መኪናውን ይጥለዋል፣ ፀሐይም ውኃውን ትቀቅለዋለች። ውስጥ ወለሉ ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል አድርገህ በብረት እሰረው። ሪቨርስ ኦስሞሲሱን ተወው። አንድ ሊትር ንጹሕ ለማውጣት ሁለትና ሦስት ሊትር ይደፋል። ቤት ውስጥ ቧንቧ ላይ ቢሆን አይጎዳም፤ በረሃ ላይ ግን የምታፈሰው የልጆችህን ውኃ ነው። ሜምብሬኑም ከ45 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውኃ አይችልም።

መልስ፦ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ሐረር

ሮቶውን በተመለከተ መካኒኩ ያሉት ልክ ነው። ወደ ማጣሪያው ስንመጣ፣ 0.1 ማይክሮን የታይፎይድና የኮሌራ ባክቴሪያን፣ አሜባንና ጃርዲያን ያስቀራል። ቫይረስ ግን ያመልጠዋል፤ የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ መጠኑ 0.03 ማይክሮን ገደማ ነው። ክሎሪን በበኩሉ ባክቴሪያንና ቫይረስን ይገድላል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ግን ይቋቋመዋል። ስለዚህ ሁለቱን አብረው ይያዙ። መጀመሪያ ያጣሩ፣ ከዚያ ውኃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ፈሳሽ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ።

አልትራቫዮሌቱ ሁሉንም ይገድላል፣ ብርሃኑ ካለፈ። የአዋሽ ወንዝ ውኃ ደግሞ ሻይ በወተት ይመስላል፤ ደለሉ ጀርሙን ከብርሃኑ ይጋርደዋል። እንዲህ ያለ ውኃ ብቻ ካገኙ ጭቃውን የሚያዘቅጠውንና ጀርም የሚገድለውን ቢሻን ጋሪ የሚባል ዱቄት ይጠቀሙ፦ አንድ ከረጢት ለ20 ሊትር ጀሪካን። ጭቃው ሲዘቅጥ ላይኛውን በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ያጥልሉት። ማፍላት ለሚቀልዎት፣ ውኃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ላይ ሦስት ደቂቃ።

መልስ፦ መተሐራ ያደገ፣ አሁን ድሬዳዋ

እስካሁን ማንም ፍሎራይድን አላነሳም፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይ በበሰቃ ሐይቅ ዙሪያ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የእኩዮቼን ጥርስ ያበለዘው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። ክሎሪን፣ አልትራቫዮሌትና 0.1 ማይክሮን አያወጡትም፤ ማፍላትማ ውኃው ሲተን ጭራሽ ያበዛዋል። የሚያወጣው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ወይም የአጥንት ከሰል ነው። ስለዚህ ሻጩን በዚህ ልከራከረው አልችልም፤ እዚያ ከርሞ ለሚሠራ ሰው መሣሪያው ዋጋ አለው። ለጥቂት ቀን ጉዞ ግን የመጠጡን ከድሬዳዋ ሞልተው ይውጡ፤ ከመንገድ የሚቀዱት ለዕቃ ማጠቢያ ይሁን።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሮቶው ነገ ይወርዳል። 100 ሊትር ለመጠጥ ይበቃናል?

መካኒኩ፦

በዚያ ሙቀት ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር አስብ። ለአራታችሁ 16 ይሆናል፤ ለመጠጥ ብቻ ከዋለ ስድስት ቀን ይዘልቃል። ለምግብና ለመታጠቢያ ሁለት ጀሪካን ለብቻ ያዝ። ነዳጅ ወይም ኬሚካል ነክቶት የሚያውቅ ጀሪካን አጥቤዋለሁ ብለህ እንዳትጠቀም።

መልስ፦ እናት፣ ገንደቆሬ

ልጄ፣ የድሬ ውኃ ድንጋይ አለው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ማጣሪያውም ውስጥ ይጋገራል፤ ሲሪንጁ ብቻውን አያስለቅቀውም። ውኃው መውረድ ሲያቅተው ማጣሪያውን ግማሽ ሰዓት አቼቶ ውስጥ ንከረው፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ወደ ኋላ እየገፋህ እጠበው። አቼቶው ሙልጭ ብሎ ሳይወጣ ክሎሪን እንዳታስነካው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፣ በተለይ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ። አቼቶውንና ውኃ አጋሩን ልጆቹ በማይደርሱበት፣ በተለያየ ሣጥን አስቀምጣቸው።