ኦዚማንዲያስ ውስጥ ከ«ሥልጣን ያልፋል» ሌላ ምን አለ?

ሁለተኛ_ዓመት

ሰላም ለሁላችሁ። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ የሮማንቲክ ዘመን ግጥም ኮርስ ላይ የሼሊን «ኦዚማንዲያስ» እየተማርን ነው። ላላነበባችሁት፦ በረሃ ላይ ከወገብ በላይ የሌላቸው ሁለት የድንጋይ እግሮች ቆመዋል፣ አጠገባቸው የተሰባበረ ፊት ግማሹ አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል፣ መቆሚያው ላይ የግብፁ ንጉሠ ነገሥት ኦዚማንዲያስ «እናንተ ኃያላን ሥራዬን እዩና ተስፋ ቁረጡ» ይላል፣ ዙሪያው ግን ባዶ ነው። ኤሴይ ጻፉ ተባልንና የኔ «የሰው ሥልጣን ያልፋል» ብሎ ሦስት ገጽ የሚዞር ነገር ሆነ። ይኼንን አያቴም ለቅሶ ቤት ትለዋለች። ግጥሙ ከዚያ ያለፈ ምን አለው? የማወዳድረው ሌላ ግጥምም ጠቁሙኝ። ሰኞ ነው የማስረክበው፣ እባካችሁ።

ጨዋታ_አዋቂ

መጽሐፈ መክብብን አንብቢና ገላገልሽ። «ከንቱ፣ የከንቱ ከንቱ» ካለ በኋላ ሼሊ የጨመረው ነገር የለም።

ጡረተኛው_መምህር

ወንድሜ፣ ሼሊ በ1811 ከኦክስፎርድ የተባረረው ስለ እግዚአብሔር አለመኖር በራሪ ጽሑፍ አሳትመሃል ተብሎ ነው። መክብብን ሊሰብክልን አልተነሣም።

እኅቴ፣ መጀመሪያ ጊዜውን ያዢ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ግጥሙ የወጣው ጃንዋሪ 11 ቀን 1818 «ኤግዛሚነር» በሚባል የለንደን ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ነው፣ ያውም በብዕር ስም። ናፖሊዮን ዋተርሉ ላይ ከወደቀ ሦስት ዓመት አልሞላውም፤ የፈረንሳይና የስፔን የቡርቦን ቤት ነገሥታት ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሰው ዙፋናቸው ላይ ጉብ ብለዋል። እንግሊዝ ውስጥ ጆርጅ 3ኛ አእምሮውን ስቶ ልጁ እንደራሴ ሆኖ ይገዛል። ሰውን ያለ ፍርድ ቤት ማሰርን የሚከለክለውን ሕግ ደግሞ መንግሥት በ1817 አግዶታል። የጋዜጣው አዘጋጅ ሊ ሀንት ራሱ ከ1813 እስከ 1815 እስር ቤት ነበር። ጥፋቱ ምን መሰለሽ? አንድ ጋዜጣ እንደራሴውን በመልክ ተወዳዳሪ የለውም እያለ ሲያሞካሽ፣ የሀንት ጋዜጣ «ሃምሳ ዓመት የሞላው ወፍራም ሰው ነው» ብሎ ጻፈ። ለዚህች ሁለት ዓመት!

እንግዲህ በዚህ ጋዜጣ ላይ፣ በዚህ ወቅት፣ ስሙን ደብቆ ስለ አንድ ትዕቢተኛ ፈርዖን የሚጽፍ ሰው ስለ ግብፅ ብቻ ነው የሚያወራው? ቅኔ ቤት ደጃፍ ያለፈ ሰው እንኳ አይሸወድም። ግብፅ ሰሙ ናት፣ ወርቁ ለንደን ነው።

ለዚህ ማስረጃ አለሽ። የሼሊ ወዳጅ ሆራስ ስሚዝ ከሱ ጋር ተፎካክሮ በዚያው ርዕስ ጻፈ፤ በዚያው ጋዜጣ ፌብሯሪ 1 ቀን ወጣ። ስሚዝ መጨረሻው ላይ አንድ ቀን ለንደን የነበረችበት ምድረ በዳ ሆኖ፣ አዳኝ ተኩላ ሲያሳድድ ግዙፍ ስባሪ ድንጋይ አግኝቶ ማን ይኖርበት ነበር ብሎ ሲገረም ያሳየናል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ግን ወርቁን አደባባይ አወጣውና ለአንባቢ የሚፈታ ነገር ሳይተውለት ቀረ። ዛሬ የስሚዝን ማን ያነባል? ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ አንብቢ።

አሁን ወደ ዋናው። እኔ ብሆን ኤሴዩን የምሠራው በቀራፂው ላይ ነው። ተማሪ ሁሉ ወደ መጨረሻው ጽሑፍ ይሮጥና መካከሉን ይዘለዋል። ግንባሩ ተኮሳትሯል፣ ከንፈሩ በንቀት ተጣሟል፤ ይኼንን ድንጋይ ላይ ያኖረው ማን ነው? ከንጉሡ እጅ የሚበላ ሰው። የጌታውን ውስጥ አነበበና እያሾፈ ቀረጸው፣ ጌትዬውም ዐይቶ «ጎሽ፣ እኔን ነው» ሳይል አልቀረም። ስሙ የትም የለም። ይሁንና ከንጉሡ፣ ከከተማውና ከሠራዊቱ ሁሉ ተርፎ እኛ ዘንድ የደረሰው የሱ ፍርድ ነው። ሥልጣን ያልፋል ብቻ ሳይሆን፣ ስላለፈው ሥልጣን የሚመሰክረው ማን ነው የሚለው ነው ጥያቄው።

አንድ ልጨምር። እኔ የምኖረው ለንደን ነው፤ ብሪቲሽ ሙዚየም መግቢያው ነፃ ስለሆነ ብርድ ሲሆን እገባለሁ። 4ኛው አዳራሽ ውስጥ የዚሁ ንጉሥ፣ ግሪኮች ኦዚማንዲያስ ያሉት የራምሴስ 2ኛ ጭንቅላትና ደረት አለ፣ ሰባት ቶን ያልፋል። ፊቱ ቀላ ያለ ግራናይት፣ ደረቱ ግራጫ፣ ቀኝ ደረቱ ላይ ተቦርቡሮ የገባ ክብ ቀዳዳ። ድሮ የሰርከስ ጉልበተኛ የነበረ ቤልዞኒ የሚባል ጣሊያናዊ ነው በ1816 ከቴብስ (ከዛሬዋ ሉክሶር) በግንድ ላይ እያስጎተተ ወንዝ ያደረሰው። ለንደን የደረሰው ግጥሙ ከወጣ በኋላ ነውና ሼሊ እሱን ዐይቶ አልጻፈም። ፊቱን ደግሞ ብታዪው የመኮሳተር ምልክት የለበትም፤ ዐይኑን ዝቅ አድርጎ ፈገግ እንደማለት ብሎ ያይሻል። ንቀቱን ከንፈሩ ላይ የጨመረው ሼሊ ነው። ገጣሚውም ሌላ ቀራፂ ሆነ ማለት ነው።

ዳገት_ወጪ

መምህር፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ራምሴስ 66 ዓመት ገዛ። አስከሬኑ በ1976 ለሕክምና ፓሪስ ሲገባ በወታደራዊ ክብር ነው የተቀበሉት። በ2021 ካይሮ ውስጥ የነገሥታቱን አስከሬኖች በመኪና ሰልፍ ወደ አዲሱ ሙዚየም ሲያዛውሩ ዓለም በቴሌቪዥን ዐይቶታል። 11 ሜትር የሚሆን ሐውልቱ ዛሬ ጊዛ ያለው ትልቁ ሙዚየም መግቢያ ላይ ቆሟል። «ምንም አልቀረም» የሚለው ግጥም ዋሽቷል። ሼሊን ከሚያውቀው ራምሴስን የሚያውቀው ይበዛል።

ጡረተኛው_መምህር

ዋሽቷል፣ አዎ። በረሃውም ውሸት ነው፦ ሉክሶር ያለው የራምሴስ ቤተ መቅደስ ከለምለም እርሻ ዳር ነው፣ ሺህ ቶን ገደማ ይመዝን ነበር የሚባለው ሐውልቱም እዚያው ተሰባብሮ ተጋድሟል። ሼሊ እርሻውን አንሥቶ አሸዋ የሞላበት አውቆ ነው። ያንተ ራምሴስ ግን ዝናው ነው የተረፈው፣ ዝናና ሥልጣን ለየቅል ናቸው። በዚያ ሰልፍ መኪናው ላይ የጫኑት፣ መንገዱን የመረጡለት፣ መብራቱን ያበሩለት ሌሎች ናቸው።

ለእኅታችን ማወዳደሪያ፦ ባይረን ስለ አሦር ንጉሥ ስለ ሰናክሬም የጻፈውን ግጥም ውሰጂ፣ 1815። ታሪኩን ከመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 19 ታውቂዋለሽ። እዚያ የአሦርን ሠራዊት በአንድ ሌሊት የሚያጠፋው የእግዚአብሔር መልአክ ነው። ሼሊ ዘንድ ግን መልአክም የለም፣ ዐመፅም የለም፤ ንጉሡን ማንም አልጣለውም። ዎርድስዎርዝ ደግሞ ናፖሊዮን በ1797 ላጠፋት ለቬኒስ ሪፐብሊክ የጻፈው አለ፤ እሱ እንደ ሼሊ አያሾፍም፣ ያለቅስላታል። ጊዜ ካጠረሽ ይኼኛውን ዝለዪው፣ ባይረን ይበቃሻል።

ሁለተኛ_ዓመት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቀራፂውን ይዤ እገባለሁ። አንድ ብቻ፦ ስምንተኛው መስመር ላይ «ያሾፈባቸው እጅ፣ የመገባቸውም ልብ» ብሎ እጅና ልብ አብረው ይመጣሉ። ልቡ የማን ነው?

ጡረተኛው_መምህር

እጁ የቀራፂው፣ ልቡ የንጉሡ። ያንን ትዕቢት ሲመግብ የኖረው የንጉሡ ልብ ነው፣ ያሾፈበት የቀራፂው እጅ። «ተረፉ» የሚለው ግስ አንድ መስመር በላይ ስላለ ነው ዓረፍተ ነገሩ የሚያደናግረው፤ የተረፉት ፊቱ ላይ የተቀረጹት ስሜቶች ናቸው፣ ከእጁም ከልቡም በኋላ። ሰዋስዉን በአንድ አንቀጽ ፈትተሽ አሳዪ፤ እኔ እንደዚያ የሚያደርግ ተማሪ ሲገጥመኝ ነጥብ አልሰስትም ነበር።