«ወተቱን ቅደጂው» በአማርኛ ምን ይባላል?

ከሻርጃ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸንክሬያለሁ። የምሠራው ሻርጃ ነው፤ ማዳሜ የፑንጃብ ሰው ናት። ቤት ውስጥ የሚወራው ሂንዲ ስለሆነ በ3 ዓመት እኔም ለመድኩት። ፓላክ ፓኒር አስተማረችኝ። የተፈጨ ስፒናች ውስጥ አይብ በዳማ በዳማ ተቆርጦ የሚገባበት ወጥ ነው። አይቡንም እዚሁ ቤት ነው የምናወጣው። ደሴ ያለችው እህቴ ጻፊልኝ ብላኝ እየጻፍኩላት ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የፈላ ወተት ላይ ሎሚ ሲጨመር ይለያያል አይደል? ነጩ ለብቻ፣ ውሃው ለብቻ። ይህን ሆን ብለሽ ስታደርጊው ማዳም «ዱድ ፋርና» ትለዋለች። ቃል በቃል «ወተት መቅደድ» ነው። ሳታስቢው ከሆነ ደግሞ «ዱድ ፈት ጋያ»፣ ወተቱ ተቀደደ። «ወተቱን ቅደጂው» ብዬ በድምፅ ብልክላት እህቴ በሳቅ ሞተች። አክስቴ ስልኩን ነጥቃ «ለመሆኑ ተበላሸልሽ ነው ተበላሸብሽ የሚባለው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ዓረፍተ ነገሩ ይኸው፦ «ሎሚውን ጠብ እያደረግሽ አማስዪው፤ ወተቱ ሲ_____ እሳቱን አጥፊና በሻሽ አጥልዪው።» ባዶውን ሙሉልኝ። የምፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነው።

ድንብላል፦
«ሲቋጥር»። አለቀ። እናቴ አሬራ ጥዳ «ቋጥሯል፣ አውርጂው» ነበር የምትለኝ። ደግሞ ለእህትሽ ልኩን ጻፊላት። ለ2 ሊትር ያልተገፋ ወተት 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይበቃል። አጓቱ ጥርት ካላለ ትንሽ ትጨምር።

የአብነት ተማሪ፦
እህቶቼ፣ ቃሉ እያለ ቃል አንፈልግ። «ሲረጋ» ነው። ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋል፤ መዝሙር 118 ላይ «ረግዐ ከመ ሐሊብ ልቦሙ» ይላል። ልባቸው እንደ ወተት ረጋ። ረግዐ ነው ረጋ የሆነው። እርጎም ከዚያው ነው። ኢዮብም በምዕራፍ 10 አምላኩን እንደ ወተት አፈሰስከኝ፣ እንደ አይብ አረጋኸኝ እያለ ነው የሚያማርረው። በግዕዝ አይብ «ግብነት» ነው። ዕብራውያኑ «ግቪና»፣ ዐረቦቹ «ጅብን» የሚሉት።

ድንብላል፦
ወንድሜ፣ ዳዊቱን ደግመሃል፤ ወተት ግን ጥደህ አታውቅም። የረጋ ወተት ውሃው ከነጩ አይለይም፤ አንድ ላይ ጸጥ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ለዚያውም እሳት ሳያይ። የሷ ወተት እየፈላ ነው፣ እየተማሰለ ነው፣ እየተበጣጠሰ ነው። ይሄ ምኑ ነው የረጋው?

አጓት፦
«ተረጋጊ» ብሎሽ ነው እንጂ ስለ ወተቱ አይደለም።

የአብነት ተማሪ፦
ቀልዱ ይቅርና ነገሩ ጥልቅ ነው። ዛሬ «ልቤ ረጋ» ስንል ደግ ነገር ነው፤ ሰላም አገኘሁ ማለት ነው። የዳዊቱ ግን ነቀፋ ነው፤ ትዕቢተኞች ልባቸው ደነደነ ነው የሚለው። ቃሉ ሁለቱንም ይሸከማል። ማረጋት ማለት ከፈሳሽነት ወደ ጽኑነት መሄድ ነው። ፓኒርም እንዲሁ።

ሥርወ ቃል ፈላጊ፦
ጥያቄው ከሥሩ ተበላሽቷል። ፓኒር አይብ ነው ያለው ማነው? አይባችን ቅቤው ከወጣለት አሬራ ነው፤ ፓኒር ቅቤው ካልወጣለት ወተት። ቃሉ የፋርስ ነው። ቱርኮች ፔይኒር፣ አርመኖች ፓኒር ይሉታል።

አይብ ግን የራሳችን ነው። ከ«ሐሊብ» የመጣ። ሐው ወደ አ ይላላል፤ ሐለበ አለበ እንደሆነው። «ሊ» ወደ «ይ» ይለወጣል። ገደለ፥ ገዳይ። ከፈለ፥ ከፋይ። ከለከለ፥ ከልካይ። ሐሊብ፥ አሊብ፥ አይብ። ስለዚህ አይብ ማለት ሲጀመር ወተት ማለት ነበር።

አባ ግስ፦
ሥራ ፈቶ የሚያነብ ሽማግሌ ነኝ፣ ልግባ። ልጄ ሥርወ ቃል፣ «ሊ» ሁሉ «ይ» ከሆነ ቀሊል ለምን «ቀይል» አልሆነም? ቀላል ነው የሆነው። ከሦስት ምሳሌ ሕግ አይወጣም። ቅኔ ቤት 7 ዓመት ስቀመጥ የኔታ እንዲህ ያለውን «ጨርቅ ጎትቶ ቀሚስ ማድረግ» ይሉት ነበር።

ስለ ፓኒርና አይብ ግን ወድጄልሃለሁ። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ላይ እሴይ ልጁን ዳዊትን ወደ ጦር ሰፈር ሲልከው ለሻለቃው 10 አይብ አስይዞ ነው። 10! የኛ አይብ በቁጥር ይሰጣል? በሰሃን ነው፣ በኩባያ ነው፣ ገበያ ከሆነ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ነው። ያ የእሴይ አይብ ተጭኖ የደረቀ፣ የሚቆጠር አይብ ነው። ለፓኒር የሚቀርበው እሱ ነው።

ሥርወ ቃል ፈላጊ፦
አባ፣ ቀሊል ላይ እኮ ሁለት «ል» አለ፤ አንዱ ሌላውን ይዞታል። መዝገበ ቃላቱን ከመደርደሪያ አውርጄ እመለሳለሁ።

የእንሰት ልጅ፦
አባ፣ አይብ አይቆጠርም ያሉትን እቀበላለሁ። ግን ጎመን ክትፎ በአይብ የበላ ሰው ፓላክ ፓኒር አዲስ ነገር አይሆንበትም። አረንጓዴ ቅጠል፣ ነጭ አይብ፣ ቅቤ፣ ቅመም። ልዩነቱ የኛ ይፈረፈራል፣ የነሱ ይቆረጣል።

ከሻርጃ፦
አመሰግናለሁ፤ ግን ባዶው አልሞላም። «ሲቋጥር» ወይስ «ሲረጋ»? እህቴ ወተቱን ገዝታለች።

ማዳም ከአጠለልኩት በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ታፈስበታለች፣ የሎሚው ጣዕም እንዲለቅ። ከዚያ በሻሹ ጥቅልል አድርጋ ውሃ የሞላ ድስት ትጭንበታለች፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል። ከ2 ሊትር 400 ግራም ቢወጣ ነው። ስጠብሰው አይቀልጥም፤ ዳር ዳሩ ወርቅማ ይሆናል። የጠበስኩትን ጨው ያለበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ እንዳይደርቅ።

ድንብላል፦
ደሴ ስፒናች ከምትፈልግ በቆስጣ ትሥራው። የፈላ ውሃ ውስጥ 2 ደቂቃ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ። አለዚያ አረንጓዴው ይጠፋል።

«ቋጠረ» ያልኩበትን ደግሞ ላስረዳ። ዛፍ «ፍሬ ቋጠረ» ይባላል። ማንም አላሰረውም፤ ከራሱ ነው። ወተቱም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ እሱ ራሱ ይቋጥራል፣ ቀጥሎ አንቺ በሻሽ ትቋጥሪዋለሽ። አንድ ግሥ ሁለቱንም ሥራ ሠራ። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?

አጓት፦
ቂምም ይቋጠራል። እህቷ ይሄን መልስ ስትጠብቅ የምትቋጥረው እሱን ነው።

ሥርወ ቃል ፈላጊ፦
መዝገበ ቃላቱ ጋ ስሄድ ትልቅ ነገር ትዝ አለኝ። ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ እርዱን፣ ከሙኑን ስታቁላላ ማዳምሽ «ቡኖ» አላለችሽም? ሂንዲ «ቡንና» መቁላት ነው። በዘይትም ይሁን ያለ ዘይት። አሁን አስቡት፦ መቁላት፣ ቡንና፣ ቡና! ቡና ምን ይደረጋል? ይቆላል!

ከሻርጃ፦
አዎ «ቡኖ፣ ቡኖ» ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ጀበና ጥጄላት አውቃለሁ።

አባ ግስ፦
ጀበና ጥደሽ ነበር! ዕድሜ ይስጥሽ፣ ብቻዬን አሳቅሽኝ።

አንተ ግን ስማ። ቡና ከኛ በየመን በኩል ነው ሕንድ የገባው። የራሳቸው ትውፊት ባባ ቡዳን የሚባል ሱፊ ከየመን 7 ፍሬ ደብቆ አመጣልን ይላል። ፍሬውን ሰጥተን ስሙን ልንበደር ነው? ዐረቡም «ቡን» ይላል እኮ። በንጉሡ ዘመን ሒሳብ ያስተማሩን ሕንዳዊ መምህር ይህን ቢሰሙ በማስመሪያ ይመቱህ ነበር።

ሥርወ ቃል ፈላጊ፦
እሺ ቡናው ይቅር። ግን «ቆላ» እና «አቁላላ» አንድ ግንድ መሆናቸውን አትክዱኝም። ላው ተደገመ፤ ነገሩ ስለሚደጋገም። ቡና አንዴ ይቆላል፣ ሽንኩርት ግን ሲገላበጥ ሲገላበጥ ነው።

የእንሰት ልጅ፦
ቡናም ሲገላበጥ ነው የሚቆላው። ዝም ብለህ ትተኸው ትሄዳለህ እንዴ?

የአብነት ተማሪ፦
ወደ አክስቷ ጥያቄ እንመለስ፤ ዋናው እሱ ነው። «ለ» እና «በ»። ዝናብ ሲጠፋ ቆይቶ ሲመጣ «ዘነበልን» እንላለን። እህል ተሰጥቶ ሳለ ሲመጣ «ዘነበብን»። ዝናቡ ያው ነው። ፓኒር ለሚያወጣ ሰው ወተቱ «ረጋለት»፤ ሻይ በወተት ለሚጠጣ «ረጋበት»። ሂንዲ ለዚህ ሁለት ግሥ ካስፈለገው፣ እኛ በአንዲት ፊደል ጨረስነው።

ድንብላል፦
ይሄን ወድጄዋለሁ። «ረጋ» የምትለዋን ካወጣህ።

አባ ግስ፦
አይደለም። «ተበላሸልኝ» የሚል ሰው ጤነኛ አይደለም። መበላሸት «በ»ን ብቻ ነው የሚሸከም። ቃሉ ራሱ ክፉ ከሆነ «ለ» አያድነውም።

አጓት፦
አባ፣ ጎረቤቴ ሠርጉ ሲፈርስ «ፈረሰልኝ» ብሎ ጋብዞናል።

አባ ግስ፦
እሱ ምጸት ነው። ምጸት ለሰዋስው ማስረጃ አይሆንም።

የአብነት ተማሪ፦
አባ፣ በትሕትና፣ ምጸትም የሚሠራው ሰዋስው ስለሚፈቅድለት ነው።

አባ ግስ፦
ልጄ፣ ስንት ዓመት ነው የተማርከው?

የአብነት ተማሪ፦
ዝማሬ መዋሥዕት ላይ ነበርኩ፣ አቋረጥኩ።

አባ ግስ፦
ይታያል።

የእንሰት ልጅ፦
ዛሬ ዐርብ ነው ጎበዝ። በጦም ቀን ስለ ወተት ይሄን ያህል መልስ! በአሳብ አስገደፋችሁን።

ድንብላል፦
ለጦም በቶፉ ይሠሩታል፣ ተረጋጋ። ከሻርጃ፣ ጋራም ማሳላ የሚባለውን መጨረሻ ላይ እንድትጨምረው ጻፊላት። ካጣች ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከሙንና ድንብላል አንድ ላይ ቆልታ ትውቀጥ። በሄል ፋንታ ኮረሪማ ብታደርግ አይከፋም፤ ማዳምሽ ግን አትወቀው።

ሥርወ ቃል ፈላጊ፦
«ከሙን» ትንቢተ ኢሳይያስ ላይ አለ፤ ዐረቡም «ከሙን» ነው የሚለው። «ዝንጅብል» ደግሞ ሥሩ ሕንድ ነው። በሉ አሁን ተሳሳትክ በሉኝ።

አባ ግስ፦
በዚህ አልተሳሳትክም። መዝገበ ቃላቱስ የት ደረሰ?

ከሻርጃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ አሁን ደወለች። መልስ እስኪመጣ ብላ ወተቱ እንዳይቀመጥ፣ ከትናንት ወዲያ የመጣልኝን ጽፌ ልኬላት ነበር። «ወተቱ ሲበላሽ አጥልዪው» አልኳት። ሎሚ የሚለውን ለመብያው ጊዜ መስሏት ለብቻ አስቀምጣዋለች። ወተቱን እስኪበላሽ ብላ 2 ቀን ጠበቀችው። «ገና አልተበላሸም፣ ግን ወፍሯል፣ ኮምጠጥ ብሏል፣ ምን ላድርግ?» ነው የምትለኝ።

አጓት፦
ለመሆኑ ኮመጠጠላት ወይስ ኮመጠጠባት?

ድንብላል፦
ሳታፈላው ነው ያስቀመጠችው?

ከሻርጃ፦
አዎ፣ ጥሬውን ነው።

የአብነት ተማሪ፦
ጥሬ ወተት 2 ቀን ቆይቶ ከወፈረና ከኮመጠጠ እርጎ ነው። እርጎ ደግሞ ምን ሆነ ይባላል? ረጋ። ከሁለተኛው መልስ ጀምሮ ስናገር ነበር።