«ጸና» ወይስ መውጫ አጣ?

የአዘዞ መምህር፦ እሑድ በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ተናጋሪ «ወደፊት ምን እንደሚሆን በስምንተኛ ክፍል ያወቀ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በትምህርቱ ይጸናል» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔ ግን አዝኜ ወጣሁ። በ11ኛ ክፍል ከሁለቱ መስመር፣ ከተፈጥሮ ወይም ከማኅበራዊ ሳይንስ፣ አንዱን ይዞ፣ በዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ በውጤት ተወዳድሮ የተመደበ ተማሪ እስከ ምረቃ አንድ ቦታ መቆየቱ ስለ ዝንባሌው ምን ይነግረናል?

የሕክምና ግቢ ተማሪ እናት፦ መምህር፣ ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነኝ። ልጄ ከሕፃንነቷ ነርስ እሆናለሁ እያለች አደገች፤ ዛሬ ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች። ይህ ጽናት ካልሆነ ምን ይባላል?

የማራኪ ተማሪ (በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማራኪ ግቢ)፦ እናቴ፣ የልጅዎን አልነካም። እኔ ግን ከልጅነቴ የምወደው ታሪክ ነበር፤ የፋሲል ግንብ ሥር ላደገ ልጅ ይህ አይገርምም። የተመደብሁት በምርጫዬ መጨረሻ ባሰፈርሁት ትምህርት ክፍል ነው። ለመቀየር አመልክቼ ቦታ የለም ተባልሁ። መዝገቡ ላይ እኔም «የጸና» ነኝ።

የትምህርት አማካሪ፦ መምህር፣ «ይጸናል» የሚለውን ቃል ጨርሶ መጣልዎ ግን ልክ አይመስለኝም። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመና 66 የረጅም ጊዜ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ ዝንባሌ ከ12 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ እንኳ የተወሰነ ጽናት እንዳለው አሳይቷል።

የአዘዞ መምህር፦ ያው ሥራ ጽናቱ ጎልቶ የሚጨምረው ከ18 ዓመት በኋላ መሆኑንም ያሳያል፤ እኛ ልጁን መስመር የምናስይዘው ከዚያ በፊት ነው። ደግሞም የዝንባሌ መጽናትና በትምህርት ክፍል መቆየት ሁለት ነገር ናቸው። 70 ለ30 በተባለው ምደባ ጊዜ ከተማሪው 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ሲደረግ፣ የዚያ ሁሉ ልጅ ዝንባሌ በአንድ ጊዜ ተለውጦ ነበር ልንል ነው?

የትምህርት አማካሪ፦ 70 ለ30ን አገር መሐንዲስ ስለፈለገች ያወጣችው ነው፤ እርሱን እዚህ ማምጣት ተገቢ አይደለም።

የማራኪ ተማሪ፦ እንዴት ተገቢ አይሆንም? ለመቀየር ጠይቀው የተከለከሉት ሳይቆጠሩ የቆዩትን ብቻ ቆጥሮ «ጸኑ» ማለት እኛን መካድ ነው።

የሕክምና ግቢ ተማሪ እናት፦ ልጄን ትናንት ማታ ጠየቅኋት፤ በሩ ቢከፈትልሽ ትወጫለሽ ወይ አልኋት። አልወጣም አለችኝ። መምህር፣ እርሷንስ የት ይቆጥሯታል?