«ኩላሊት አለብኝ» ሲባል የቱን ነው?

አይጠየፍ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ፒያሳ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት እናት ለጓደኛቸው «እኔስ ኩላሊት አለብኝ፣ ብርድ አልችልም» ሲሉ ሰማሁ። እጃቸው ግን ከእምብርታቸው በታች ነበር። ኩላሊት የሌለው ሰው አለ እንዴ? «ልብ አለው» ሙገሳ ነው፣ «ልብ አለበት» ግን በሽታ። ይቺ «በ» ምን አድርጋ ነው አካሉን በሽታ የምታደርገው?

መሪጌታው፦ መጀመሪያ አጻጻፍህን አቅና። ኵላሊት ነው፣ በኵ። ግእዙ ኵሊት፣ ሲበዛ ኵልያት። ዳዊት የደገመ ሁሉ «ልበ ወኵልያተ» የምትለዋን አይስታትም። ሥሩ «ክልኤ»፣ ማለት ሁለት፣ ይመስለኛል። ጥንድ ስለሆኑ።

የጦሳ ልጅ፦ ወላሂ አያ መሪጌታ፣ ሳያገኙት አልቀሩም። በዐረብኛ ኩላሊት «ኩልያ» ነው፣ «ኪላ» ደግሞ «ሁለቱም» ማለት ነው። ቁርኣን ቤት ያለፈ ይመስክር።

ቦርከና፦ ኧረ ተዉ! ዓይንም ጆሮም ጥንድ ነው፣ ለምን ኩላሊት ብቻ ተመርጦ «ሁለት» ይባላል? ደግሞ ክልኤ የሚያልቀው በአልፍ ነው። ኵልያት ላይ ያለችው «ያ» ከየት መጣች?

መሪጌታው፦ አንተ ግእዝ የት ነው የተማርከው?

ቦርከና፦ ኮምቦልቻ፣ ከአያቴ። እርስዎ ግን መልሱን አልሰጡኝም።

ቧንቧ ውሃ፦ ነርስ ነኝ፣ ጣልቃ ልግባ። ኩላሊት ከሆድ ፊት ለፊት አይደለም ያለው። ከኋላ ነው፣ የታችኞቹ ጎድን አጥንቶች አካባቢ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ። የቀኙ ከበላዩ ጉበት ስላለ ትንሽ ዝቅ ይላል። ከእምብርት በታች የሚያመው ብዙ ጊዜ ፊኛ ነው፣ ግን እኛ ጋ ሽንት ያቃጠለው ሁሉ «ኩላሊቴን» እያለ ነው የሚመጣው። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራል፣ አብዛኛውን መልሶ ለደም ይሰጣል፣ በሽንት የሚወጣው ግን 1 ወይ 2 ሊትር ብቻ ነው።

የጦሳ ልጅ፦ እቴ፣ ስምሽ ቧንቧ ውሃ ሆኖ ይሄን ባታውቂ ነበር የሚገርመኝ 😂

መሪጌታው፦ አያችሁ! የሚበጀውን አስቀርቶ የማይበጀውን መጣል ምርመራ ይባላል። ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር የተባለው ለዚሁ ነው።

ቦርከና፦ መሪጌታ፣ እዚያ መርማሪው እግዚአብሔር ነው። ኩላሊት ተመርማሪ ነው። ተሳቢውን ባለቤት አደረጉት።

መሪጌታው፦ እሺ፣ መዝሙር 16 ላይ «በሌሊት ኵላሊቶቼ ይገሥጹኛል» ይላል። እዚህስ ባለቤቱ ማነው?

የጦሳ ልጅ፦ እኔንም በሌሊት ይገሥጸኛል፣ ተነስና ሽንት ቤት ሂድ እያለ።

ቧንቧ ውሃ፦ 😂 ግን እኮ ማዘዝስ ያዝዛል። መቅኔን ቀይ የደም ሕዋስ ሥራ የሚለው ሆርሞን በብዛት የሚወጣው ከኩላሊት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ የሚያንሰውም አንዱ በዚህ ነው።

አይጠየፍ፦ ስለ «በ» የሚነግረኝ የለም?

ቦርከና፦ ቆይ ወንድሜ፣ ቁጥሩ ይቅደም። በግእዙ ዳዊት 15 ነው እንጂ 16 አይደለም። መሪጌታ ሆነው ከየትኛው ነው የሚቆጥሩት?

መሪጌታው፦ የጻፍኩት አማርኛውን ነው፣ በአማርኛው 16 ነው። ደግሞ አንተ አሁንም በኩ ነው የምትጽፈው።