ከደሴ ላሊበላ ደርሶ መልስ በ6 ቀን፦ ወላጆችን ይዞ የቱ ይሆናል፣ የቱ ይቀራል?

ዘቶሳ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በኅዳር ሁለተኛ ሳምንት እናትና አባቴን ይዤ ከደሴ ልነሳ ነው። ሁለቱም ከ65 ዓመት በላይ ናቸው። አባቴ ዳገት ይችላሉ፣ እናቴን ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መኪናችን ቪትዝ ናት። ያሰብነው እንዲህ ነው፦ በ1ኛው ቀን ጠዋት ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ከሰዓት አምባሰል መንገዳችን ላይ ስለሆነ ግሸን ማርያም፣ አዳር ወልድያ። በ2ኛው ቀን ላሊበላ ገብተን 11ዱንም አብያተ ክርስቲያናት መሳለም። በ3ኛው ይምርሐነ ክርስቶስና አሸተን ማርያም። በ4ኛው አቡነ ዮሴፍ ተራራ። በ5ኛው ስንመለስ መቅደላ፣ በ6ኛው ቤት። ይበቃናል? የምንሳሳተውስ የት ላይ ነው?

ሐይቅ ዳር፦
ወንድሜ፣ ካርታ ላይ በኪሎ ሜትር ለክተህ ነው ያወጣኸው። ወሎ የሚለካው በዳገቱና በሰዓቱ ነው። ከሁሉም በፊት ግሸንን ከዚህ ጉዞ አውጣት። አምባሰል ሰፊ ነው፤ የወልድያ መንገድ በአንድ ጎኑ ያልፋል፣ ወደ ግሸን ግን መኪና ከደሴ የሚሄደው በኩታ በር በኩል ነው። መቅደላም እንደዚሁ በኩታ በርና በተንታ ነው፤ ከላሊበላ ስትመለስ የምትደርስበት አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን ለሌላ ጊዜ አንድ ላይ ያዛቸው።

ሐይቅ ከደሴ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ብትነሱ በጊዜ ትደርሳላችሁ። አንድ ነገር ግን ቀድመህ ለእናትህ ንገራቸው፦ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አይገባም። በር ላይ ደርሰው ሲሰሙት ቅር እንዳይላቸው። አንተና አባትህ ስትገቡ እሳቸው ሐይቁ ዳር ጥላ ይዘው ይቆዩ፤ ውሃው ከዚያ ነው የሚያምረው። ገዳሙ ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብሱ ጋር ተያይዞ በመኪና ይደረሳል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ ነው። በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ስም የሚጠራው የብራና ወንጌልም ከዚያው ዘመን ነው። ዕቃ ቤቱን ለማየት ቁልፍ የሚይዙት አባት መኖር አለባቸው፣ ቅዳሴ ላይ ከሆኑ ትጠብቃለህ። ስለዚህ ለሐይቅ ብቻ ግማሽ ቀን ስጠው።

ከዚያ ወደ ወልድያ ስትሄድ ውጫሌ ላይ ትንሽ ጊዜ ካለህ ይስማ ንጉሥን እይ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት ስፍራ ነው፤ የአማርኛውና የጣልያንኛው ቃል ያልተስማማበት 17ኛው አንቀጽ የተጻፈው እዚያ ነው። አባትህ ታሪክ ከወደዱ ይህን አትለፍ።

መርሳ ማዶ፦
ስለ መንገዱ እኔ ልጨምር። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ በውርጌሳና በመርሳ ታልፋለህ። መንገዱ ደህና ነው፣ ግን አህያ፣ ባጃጅና የገበያ ሰው ስለሚበዛበት 3 ሰዓት ያዝለት።

ከወልድያ ላሊበላ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በድልብ ወጥቶ የቻይናን መንገድ ይዞ ጋሸና ይደርስና ከዚያ ወደ ቀኝ 64 ኪሎ ሜትር ነው። ሌላው በኩል መስክ ነው። በኩል መስክ አጭር ነው ብሎ የሚነግርህ አይጠፋም፣ በኪሎ ሜትርም እውነቱን ነው። ቪትዝ ግን ሆዷ ዝቅ ያለ ስለሆነ ድንጋይ ካርተሯን ይመታል፤ ዘይት ከፈሰሰ ደግሞ እዚያ መካከል ጋራዥ የለም። በጋሸና ሂድ።

ከድልብ ጀምሮ ያለው ዳገት ረጅም ነው። በትልቅ ማርሽ እያስጨነቅህ አትውጣ፤ የሙቀቱን መርፌ እያየህ በዝግታ ውጣ። ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፋ፣ ቆም በል፣ ራዲያተሩን ግን ትኩስ ሳለ አትክፈት። የሚከፋው ቁልቁለቱ ነው። ከጋሸና ወደ ተከዜ ስትወርድ ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሰው ከጥቂት ጠመዝማዛ በኋላ የተቃጠለ ሽታ ይሸተዋል። ያ ሽታ ሸራው መጋሉን ነው የሚነግርህ፤ ከቀጠልክ የፍሬን ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ስለዚህ በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ አውቶማቲክ ከሆነች ከ«ዲ» በታች ወዳለው አድርጋት። ከሸተተህ ቁም፣ ግማሽ ሰዓት አስተንፍሳት፣ ውሃ አታፍስባት፤ የጋለ ዲስክ ውሃ ሲነካው ይጣመማል።

ነዳጅ ወልድያ ላይ ሙላ። እስኮርታ ጎማህ ንፋስ እንዳለው፣ ክሪኩም እንደሚሠራ ደሴ ላይ አረጋግጥ። መንገዱ ክፍት መሆኑን በዋዜማው መናኸሪያ ሄደህ ከዚያው አቅጣጫ የገቡ ሾፌሮችን ጠይቅ። ከወልድያ ጠዋት 1 ሰዓት ከተነሳህ 6 ሰዓት ገደማ ላሊበላ ነህ። ከ11 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አትገኝ።

የሮሃ ጎረቤት፦
ላሊበላን በአንድ ከሰዓት 11ዱንም አልክ? ማለፍ ይቻላል፣ ማየት ግን አይቻልም። ቤተ መድኃኔ ዓለም ብቻውን 33 ሜትር ርዝመት፣ 23 ሜትር ስፋትና 11 ሜትር ቁመት ያለው ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው። ዙሪያውን በዝግታ መዞር ብቻ ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ቀን ስጠው፣ በመካከሉ ይምርሐነ ክርስቶስን አስገባ።

አከፋፈሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። በገባችሁበት ከሰዓት ቤተ ጊዮርጊስን ብቻ። ለብቻው ስለሆነ አይደክምም፣ መጀመሪያ ከአፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ማየቱ ለእናትህም ይመቻል። ጣሪያው ላይ አንዱ ባንዱ ውስጥ የተቀረጹ ሦስት መስቀሎች አሉ። ስትወርድ መስኮቶቹን ቁጠር፤ ላይኞቹ 12ቱ ክፍት ናቸው፣ ታችኞቹ 9ኙ ግን ቅርጻቸው ብቻ ወጥቶ ያልተበሱ ናቸው። ጉድጓዱ 12 ሜትር ያህል ስለሚጠልቅ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ታችኛው ክፍል ጥላ ይውጠዋል፤ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ፀሐይ ከፍ ስትል ከላይ ያንሳ።

በማግሥቱ ጠዋት የመድኃኔ ዓለሙ ወገን፣ ማለትም በእሱ ዙሪያ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት። ቤተ ማርያም ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለውን ዓምድ ታያለህ፣ እንዲገለጥ አይጠየቅም። ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም፤ እናትህ እዚያ ላይ አረፍ ይበሉ። በሮቹ ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ከዚያም ከ8 እስከ 11 ተኩል ነው የሚከፈቱት። በጾም ቀን ግን ቅዳሴው ወደ ቀትር ይገፋል፤ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓትን ለዕረፍት አድርጉት።

የቤተ አማኑኤሉን ወገን ግን ከይምርሐነ ክርስቶስ መልስ አድርገው፣ አደራ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ በእውነተኛ ድንጋይና እንጨት የታነጸ ነው፦ አንድ ረድፍ ነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፤ ረድፎቹ ወጣ ገባ ያሉ። እንደ አክሱም አሠራር። ከዚያ ተመልሰህ ቤተ አማኑኤል ፊት ስትቆም ያንኑ ወጣ ገባ መስመር በአለቱ ላይ ተቀርጾ ታገኘዋለህ፤ እንጨት ሳይኖር የእንጨቱን ቅርጽ ከድንጋይ አወጡት። መጀመሪያ አማኑኤልን ያየ ሰው መስመሩን ጌጥ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ከቤተ ገብርኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደው የምድር ውስጥ መንገድ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ወለሉም ወጣ ገባ ነው። እጅህን ግድግዳው ላይ፣ አንዱን ደግሞ ከራስህ በላይ አድርግ። እናትህ በላይ በኩል ይዙሩ።

ጫማ በየበሩ ይወልቃል፤ ባለ ክር ጫማ ያደረገ ሰው ግማሽ ቀኑን ክር ሲፈታና ሲያስር ይውላል። ሸበጥ ደግሞ በደረጃው ላይ ያንሸራትታል፣ ድንጋዩ በስንት ዘመን እግር ተልጓልና። ጎማ ሶል ያለው ክር የለሽ ጫማ ይሻላል። ምንጣፉ ላይ ቁንጫ ስለማይጠፋ ወፍራም ካልሲ አድርጉ፣ ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ባትሪ ያዙ፣ የሥዕል ፍላሽ ግን አትጠቀሙ።

ዘቶሳ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ግሸንንና መቅደላን ሰርዣለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ይምርሐነ ክርስቶስ በቪትዝ ይደረሳል? አሸተን ማርያምስ እናቴ በበቅሎ ቢወጡ?

መርሳ ማዶ፦
በቪትዝ አትሞክር። 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ግን ኮረኮንች ስለሆነ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ቪትዟን ማረፊያህ አቁመህ ላሊበላ ላይ ላንድክሩዘር ወይም ሃይሩፍ ከሾፌሩ ጋር ተከራይ። ዋጋውን ስትነጋገር ደርሶ መልስ መሆኑን፣ የጥበቃውን ሰዓትና ቢልባላ ላይ መቆሙን በአንድ ላይ አስረዳ፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁልጊዜ ጥበቃው ላይ ነው። ቢልባላ ጊዮርጊስ በዚያው መንገድ ነው።

የሮሃ ጎረቤት፦
መኪናው ከቆመ በኋላ በጽድ ደን ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል የድንጋይ ደረጃ አለ። ለእናትህ 40 ደቂቃ ያዝላቸው፤ ዱላ ይያዙ፣ በየጥቂቱ ይቀመጡ። ጠዋት በብርዱ መውጣት ይሻላል። ዋሻው ውስጥ ቀትርም ቢሆን ጨለም ይላል፣ ጣሪያው ላይ ያለውን የእንጨት ሥራ ያለ ባትሪ አታየውም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የብዙ ሰው አፅም ተከምሯል፤ በትውፊት የተሳላሚዎች ነው። አንዳንድ ሽማግሌ ይደነግጣልና አስቀድመህ ንገራቸው።

አሸተን በበቅሎ ይወጣል፤ በእግር ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፣ ጫፉም ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ችግሩ መጨረሻው ነው። በአለቱ ስንጥቅ መካከል ያለው ጠባብ መተላለፊያ በቅሎ አያስኬድም፣ በእግር ነው የሚታለፈው። ሲወርዱ ደግሞ በቅሎ ላይ አይቀመጡ፤ ቁልቁለት ላይ ሰው ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ጉልበት የሚያመው ሰው ደግሞ ወርዶ በእግሩ ሲሄድ ነው ይበልጥ የሚጎዳው። ስለዚህ አሸተንን አንተና አባትህ ሂዱ። እናትህን ነአኵቶ ለአብ የተባለው የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ውሰዳቸው፤ ከከተማው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል በድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል። ለሳቸው ከአሸተን ይልቅ የሚያረካቸው ይህ ነው።

አቡነ ዮሴፍን ተወው። ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጅባራ ለማየት አድሮ መውጣት ይጠይቃል። በአንድ ቀን የሚሮጥበት ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይዞት ይመለሳል፤ ይህ ከታየ መድኃኒቱ መውረድ እንጂ መታገል አይደለም።

የሰኞ ገበያ፦
እኔ ስለ ተረፈው ቀን ነው። ደሴ እሑድ ማታ እንድትገቡ አድርገህ ሰኞን ለባቲ አውጣው። ከኮምቦልቻ 41 ኪሎ ሜትር ነው፣ ገበያው ሰኞ ብቻ ነው የሚደምቀው። አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኝበት ነው፤ የግመሉ ተራ ጠዋት ነው ጥሩው፣ ከ6 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሽማግሌ አያስቆምም። የሰው ፎቶ ሳትጠይቅ አታንሳ። ደሴ ላይ ጋቢ ለብሰህ ወጥተህ ባቲ ላይ በሸሚዝ ትሆናለህና ሁለቱንም ልብስ ያዝ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርድ መርሳ ማዶ ስለ ፍሬን ያለው እዚያም ይሠራል። ጠዋት ጉም ካለ ረጅሙን መብራት አታብራ፣ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይንህ ላይ ይጥለዋል፤ አጭሩን አብርተህ፣ ከፊትህ ካለው አይሱዙ ርቀህ ውረድ።