ፊቱ ተሰብሮ እስከ መጨረሻው ተጫወተ፤ ሐኪሞቹ ማስወጣት ነበረባቸው?

አስጀማሪው፦ ሰላም ሰዎች። ቅዳሜ ማታ በሳም በርጀስ ምክንያት ከጓደኛዬ ጋር ልንኳረፍ ምንም አልቀረን። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሳም እንግሊዛዊ ነው፤ የዮርክሻየር ልጅ፣ የራግቢ ሊግ (ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየተጋጩ የሚሮጡበት ጨዋታ) የፊት መስመር ተጫዋች። እ.ኤ.አ. በ2010 ከእንግሊዙ ክለብ ብራድፎርድ ወደ አውስትራሊያው ክለብ ሳውዝ ሲድኒ (ባጭሩ ሳውዝ) ሄደ። በ2014ቱ የፍጻሜ ጨዋታ ገና የመጀመሪያ ኳሱን ይዞ ሲሮጥ ከተጋጣሚው ቡድን ከካንተርበሪ ተጫዋች ከጄምስ ግራሃም ጭንቅላት ጋር ተላተመ። የጉንጭ አጥንቱ ተሰበረ፤ በዓይኑ ዙሪያ ያለው አጥንትም አብሮ። አልወጣም። ሳውዝ 30 ለ 6 አሸነፈ። የጨዋታው ኮከብ የሚሸለመውን የክላይቭ ቸርችል ሜዳሊያም እሱ ወሰደ። እኔ ማስወጣት ነበረባቸው ባይ ነኝ። እናንተስ?

የሲድኒው፦ ከ2011 ጀምሮ እዚሁ ሲድኒ ነኝ። ክለቡን ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ሳውዝ ከ1971 ወዲህ ዋንጫ አላየም ነበር። ይባስ ብሎ በ1999 ማብቂያ ከሊጉ ተባረረ። ደጋፊው ሰልፍ ወጣ፣ ክለቡ ፍርድ ቤት ቆመ፣ እስከ 2002 ድረስ አልተመለሰም። ይቺን ዋንጫ ሳያይ የሞተ ስንት አባት አለ! የዚያን ቀን ከ83 ሺህ በላይ ሰው ስታዲየም ገብቷል። ሳም ደግሞ ወደ ራግቢ ዩኒየን፣ ሕጉ ወደሚለየው ሌላኛው የራግቢ ዓይነት፣ ሊሻገር ፈርሟል፤ ስንብቱ ነው። ሁለት ወንድሞቹ፣ ጆርጅና ቶም፣ አብረውት ተሰልፈዋል። አንተ ብትሆን ትወጣለህ?

ነርሷ፦ ጥያቄው እሱ ይወጣል ወይ አይደለም። እኔ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። እጁ ተሰብሮ “ደህና ነኝ፣ ልሂድበት” የማይል ወጣት አላጋጠመኝም። ሰውነት ሲግል ሕመም ይደበቃል። ሐኪም የሚቀመጠው ተጎጂው ስለራሱ በትክክል መፍረድ ስለማይችል ነው። ሐኪሙም “ካልክ እሺ” ካለ፣ ለምን ይቀጠራል?

ቦክሰኛው፦ እህቴ፣ አጥንትና አእምሮ ለየቅል ናቸው። አእምሮው ተናውጦ ቢሆን ከአንቺ ጋር ነኝ፤ በዚያ ቀልድ የለም። የጉንጭ አጥንት ግን ያማል፣ ያብጣል፣ ይጠገናል። አዋቂ ሰው በገዛ ፊቱ መወሰን ይችላል። እኔም ለሁለት ዙር አፍንጫዬ ተሰብሮ ተጋጥሜያለሁ። (ተሸንፌያለሁ፤ ሌላ ወሬ ነው።)

ነርሷ፦ አጥንት የሚሰብር ምት አእምሮን ዝም ብሎ ያልፈዋል ያለህ ማነው? ዓይኑ ዙሪያ የተሰበረ ሰው ሁለተኛ ቢመታስ? ዓይን እኮ አይጠገንም።

መምህሩ፦ ነገሩ በሳም አልተጀመረም። እዚያው ሳውዝ በ1970 ፍጻሜ ላይ አምበሉ ጆን ሳትለር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በቡጢ መንጋጋው ተሰበረ። እሱም እስከ መጨረሻው ተጫውቶ ተጋጣሚያቸውን ማንሊን 23 ለ 12 አሸነፉ። ክለቡ ያንን ታሪክ ለልጅ ልጅ ሲያወርስ ነው የኖረው። ሳም “ልውጣ” ቢል ከማን ጋር ሊወዳደር ነው? ከሳትለር ጋር። ስለዚህ “ራሱ ወሰነ” ሲባል በጣም አይዋጥልኝም።

የሲድኒው፦ እኛስ? አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ በ40 ቀን ገደማ ቶኪዮ ላይ ማራቶን አሸንፎ የለ? ማን ተቃወመ?

መምህሩ፦ ግማሹን ነገርከን። ያው አበበ በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግሩን ታሞ ጀመረ፤ 17 ኪሎሜትር አካባቢ ሲደርስ አቋርጦ ወጣ። ማሞ ወልዴ ቀጠለና ወርቁን አመጣ። አበበን ፈሪ ያለው አለ? ግን የምንተርከው ቶኪዮን ብቻ ነው።

አስጀማሪው፦ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ያ ጉንጭ ዳነ። ወደ እንግሊዙ የራግቢ ዩኒየን ክለብ ባዝ ሄደ፣ በ2015 የራግቢ ዩኒየን የዓለም ዋንጫ ላይ ለእንግሊዝ ተጫወተ። ቡድኑ ከምድቡ ሳያልፍ ሲቀር ዱላው በሱ ላይ በዛ፤ ግማሹ ያለ አግባብ ነው እላለሁ። በ2016 ወደ ሳውዝ ተመለሰ። በ2019 በ30 ዓመቱ ያስቆመው ግን ፊቱ ሳይሆን ትከሻው ነው። በየሳምንቱ ሲጋጭበት የኖረው ትከሻ! ለሱ ሜዳሊያ የሰጠ የለም፤ ቪዲዮም የለው።

ቦክሰኛው፦ ይቺ እንኳን ነጥብ ናት።

ነርሷ፦ እኔም የምለው እሱን ነው። ተጫዋቹ በአንድ ቀን ብቻ አይጎዳም። በ2014 “ቀጥል” ያሉት ሰዎች በየሳምንቱም “ቀጥል” ነው የሚሉት።

የሲድኒው፦ አሁን እኮ እሱ ራሱ አሰልጣኝ ነው፤ በ2024 የእንግሊዙን የራግቢ ሊግ ክለብ ዋሪንግተንን ይዞ ዌምብሊ ስታዲየም ለዋንጫ ፍጻሜ ደርሷል። የሱ ተጫዋች ጉንጩ ቢሰበር ምን ያደርግ ይሆን? እኔ ያስወጣዋል ባይ ነኝ።

አስጀማሪው፦ ታዲያ ከእኔ ጋር ነህ ማለት ነው!

የሲድኒው፦ በፍጹም። ያን ቀን ቢያስወጡት ኖሮ ከደጋፊው ጋር አብሬ እጮህ ነበር። ትልቁ ልጄ ግን ዘንድሮ ለሰፈሩ ክለብ ተመዝግቧል። የጥርስ መከላከያ ገዝቼለታለሁ። የሳምን ቪዲዮ ገና አላሳየሁትም።