ካቫ ለእንቅልፍ፦ ማንም ገዝቶ ይውሰደው ወይስ በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ?

ማሂ፦ እስኪ ተከራከሩኝ። ፊጂና ቫኑዋቱ የሚባሉት የፓሲፊክ ደሴቶች ያሉ ሰዎች ካቫ የሚባለውን ተክል ሥር ወቅጠው በውሃ አሽተው አጥልለው ሲጠጡት ስንት ትውልድ ኖረዋል፣ አሁን ደሞ በካፕሱል ሆኖ ጭንቀት ያረግባል እንቅልፍ ያመጣል እየተባለ ይሸጣል። አዋቂ ሰው ፈልጎ ቢገዛው ማንን ይጎዳል? እኔ ይፈቀድ ባይ ነኝ።

ቤኪ፦ ጉበቱን ነዋ የሚጎዳው! ጀርመን በ2002 (እ.ኤ.አ) ከገበያ ያስወጣችው እኮ ዝም ብላ አይደለም፣ ካፕሱሉን ሲወስዱ ከርመው ጉበታቸው ከጥቅም ውጪ ሆኖ ንቅለ ተከላ ያስፈለጋቸው ሰዎች ሪፖርት ስለተደረገ ነው። "ከዕፅ ነው፣ አይጎዳም" የሚሉት ነገር መቼ ነው የሚለቃችሁ?

ማሂ፦ ቆይ፣ ግማሹን ዋጥከው እኮ። እዛው ጀርመን ፍርድ ቤቱ በ2014 እገዳውን ሽሮት ነበር፣ አውስትራሊያም በ2021 መጨረሻ ለንግድ እንዲገባ ፈቅዳለች። የእንቅልፍ ኪኒንስ ሱስ ያስይዝ የለ?

ሶል፦ ሁለታችሁም ስለተለያየ ነገር ነው የምታወሩት። ፋርማሲ ነው የምሰራው፣ ስለ ዕፅ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። በባህሉ የሚጠጣው ሥሩ ነው፣ በውሃ። ፋብሪካ ግን ብዙ ጊዜ በአልኮል ወይ በአሴቶን ነው የሚጨምቀው፣ ልጣጭና ግንድ የተቀላቀለበትም ይኖራል። ዝርያውም ለየቅል ነው፣ ቫኑዋቱ ወደ ውጪ እንዲላክ በሕግ የፈቀደችው "ኖብል" የሚባለውን ነው፣ "ቱዴይ" የሚሉት ግን ድብታው እስከ ሁለት ቀን አይለቅም። ካፕሱሉ ላይ የቱ እንደሆነ ካልተጻፈ ለእናቴም አልሰጥ። በውሃ ሲሆን ደሞ ምንም የለውም ማለቴ አይደለም፣ አብዝተው የሚጠጡት ቆዳቸው ደርቆ ይላላጣል።

ሊዲ፦ እኔ ጠጥቼዋለሁ፣ የጭቃ ውሃ ነው የሚመስለው፣ ከንፈርና ምላስ ያደነዝዛል፣ ሰውነት ላላ ይላል ጭንቅላት ግን ንቁ ነው። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ፣ ግን ከካቫው ይሁን ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ በመግባቴ እንጃ።

ሶል፦ ጥናቶቹም በብዛት የተሠሩት ለጭንቀት ነው፣ ለእንቅልፍ ያለው ማስረጃ ትንሽ ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ከቆየ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚመክሩት ሲቢቲ የሚባለውን የባህሪ ሕክምና ነው። ከአልኮል ወይ ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር ደሞ ጨርሶ እንዳትነኩት።

ቤኪ፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ ገዢው በምን ያውቃል? ለዛ ነው በሐኪም ይሁን የምለው።

ማሂ፦ ይጻፍበታ! ፓራሲታሞልም ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፣ ማን በትዕዛዝ ይገዛዋል?

ቤኪ፦ ፓራሲታሞል ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ይታወቃላ። ያንቺ ካፕሱል ውስጥ ሥር ይሁን ግንድ እንኳን አይታወቅም ተባለ እኮ።

ማሂ፦ እሱ የአምራቹ ጥፋት ነው እንጂ የካቫው አይደለም፣ አምራቹን ተቆጣጠሩት።